ዜሮ ተብሎ ስለተላከው ቁጥርና ስለ ባልደረባችን ዕረፍት

የከተማው ጤና ጣቢያ ሠራተኞች ማኅበር፣ ለአስራ ዘጠኝ ዓመታት የትንኝ ናሙና ሰብሳቢ ሆነው ያገለገሉት ባልደረባችን በሃምሳ አራት ዓመታቸው ባለፈው ሐሙስ ማረፋቸውን ለአባላቱና ለከተማው ነዋሪ የሚያሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ከሐዘኑ ጋር መናገር ያለብን ሌላ ነገር ስላለ መግለጫው ዘግይቷል።

ሟቿ በሥራ ቦታ «እትዬ ትንኝ» ይባሉ ነበር። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም ሲጠሩበት አቤት ይሉ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ ጭልፋና ብልቃጥ ይዘው የግንባታ በርሜሎችን፣ የጣሪያ ላይ ታንከሮችንና በመቃብር ቦታ ያሉ የአበባ ማሰሮዎችን እየዞሩ ውሃ ይቀዱ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወባ ትንኝ አላገኙም። ከተማዋ ብርዳማ ነበረች። የሌሊቱን ሙቀት ማንም ሳያዛቸው በደብተራቸው ጠርዝ ላይ ይመዘግቡ ስለነበር፣ ሌሊቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሞቀ መምጣቱን ከማናችንም በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸው።

በአስራ ሁለተኛው የአገልግሎት ዓመታቸው ከአንድ የግንባታ በርሜል አስራ አንድ የወባ ትንኝ እጮች ቀዱ። በወርኃዊው ስብሰባ ሲያቀርቡ የጤና ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ «እትዬ፣ መንገድ ጠፍቷት የመጣች ትንኝ ትሆናለች» አሉ። «ጠፍቷት ከሆነማ ከነቤተሰቧ ነው የጠፋችው» ብለው መለሱ። ሳቅን። ቃለ ጉባኤው ሳቁን አልያዘም፤ እኛ ግን እናስታውሰዋለን።

በአስራ አምስተኛው ዓመት እጮቹን በአምስት ሰፈር አገኙ። የወባ መመርመሪያ እንዲመጣ በጽሑፍ ጠየቁ። መመርመሪያ የሚላከው ትንኟ መኖሯን ሪፖርት ላደረገ ከተማ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ሪፖርትዎ ለበላይ ሄዷል፤ መልስ እየጠበቅን ነው» አሏቸው። ይህንኑ እስካለፈው ወር ድረስ በየሩብ ዓመቱ ሲነግሯቸው ቆይተዋል። እሳቸውም አምነው ጠበቁ።

ከማረፋቸው አራት ቀን በፊት ትኩሳት ይዟቸው ወደ ራሳችን ጤና ጣቢያ መጡ። «ወባ ነው፣ ደሜን እዩልኝ» አሉ። ተረኛዋ ነርስ «እትዬ፣ ሥራው ቤት ድረስ ተከተለዎት እንዴ?» ብላ ቀለደች። «ሰባት ዓመት አሳደድኩት፤ አሁን ተራው የሱ ነው» አሏት። መመርመሪያ አልነበረም። የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ነርሷ የማኅበራችን አባል ናት፤ ይህ እንዲጻፍ የጠየቀችውም ራሷ ናት።

ልጃቸው እናቷ ከማረፋቸው በፊት ከጣታቸው ደም አስወስዳ ሌላ ከተማ ልካ አስመረመረች። ወባ ነበር። ውጤቱ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። ጤና ጣቢያችን የሰጠው የሞት ምስክር ወረቀት ግን «ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት» ይላል።

ይህን መግለጫ ለመጻፍ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሚቀመጠውን የግል ማኅደራቸውን ስናስወጣ በእጃቸው የተጻፉ ሃያ ስምንት ሪፖርቶች ውስጡ አገኘን። አንዱም አልተላከም። በምትካቸው የተላከው፣ የወባ ትንኝ ዓምዱ ከማተሚያ ቤት ዜሮ ሆኖ የሚመጣው ቅጽ ነው፤ የአገሪቱ የወባ ካርታ ከተማችንን ወባ ከሌለባቸው ቦታዎች ይመድባታልና። በእያንዳንዱ ቅጽ ግርጌ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለ። ከጎኑ «ተመልክቼዋለሁ» በሚለው መስመር ላይ የማኅበራችን ተወካይ ፊርማ አለ። በሃያ ስምንቱም ላይ። ሥራ አስኪያጁ እሳቸውንም እኛንም ዋሽተዋል። እኛ ደግሞ ሳናነብ ፈርመን ባልደረባችንን ከድተናል።

ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ልጃቸው «አበባችሁ ይቅርብኝ፤ ወረቀቱን አስተካክሉ። የጎረቤቶቼ ልጆች ትኩሳት ላይ ናቸው» አለችን። ሥራ አስኪያጁ አልፈርምም ስላሉ የታረመውን ምስክር ወረቀት ሁለቱ ሐኪሞቻችን ፈርመው ዛሬ ጠዋት ሰጥተዋታል። ሃያ ስምንቱን ሪፖርቶችም ያ ሳያነብ የፈረመው ተወካያችን በእጁ ይዞ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ሄዷል። ተቀብለው እስኪፈርሙለት እንዳይመለስ ተነግሮታል።

ለልጃቸው፣ ለዘመዶቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ይቅርታ ግን አንጠይቅም፤ ይቅር ሊሉን የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መቃብራቸውን የሚጎበኙ ሁሉ ውሃ የሚይዝ የአበባ ማሰሮ እንዳያስቀምጡ አደራ እንላለን። የመጨረሻውን ናሙና የቀዱት ከዚያው መቃብር ቦታ ነው። ብልቃጡ አሁንም ጠረጴዛቸው ላይ አለ፤ በእጃቸው የጻፉበት የእጮች ቁጥር አርባ ሦስት ነው።