አባዬ፣ ሁለቱ እንሰቶች አንድ ናቸው

የኔ አባት፣ ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው ብለህ አስተምረኸኝ ነበር፤ አሁን ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅህ ጠፋኝ። እኛ ደህና ነን። ሙት ዓመትህን እዚያው ሺሺንዳ፣ ቤትህ አውጥተናል። እማዬ ጉልበቷ ገበያ አላደርስ ብሏታል። ወንድሜ የወደቀውን አጥር በቆርቆሮ ሊያጥር ቢነሳ፣ አባትህ ያጠረው ነው፣ አትንካው ብላ ከለከለችው።

እኔ ደክሞኛል፣ አባዬ። ሰው ፕሮፌሰር ሲባል ተቀምጦ የሚያስብ ይመስለዋል። ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከዚያ የአንድ ለአምስት ስብሰባ አለ፤ ከዚያ የተመራቂዎችን ጽሑፍ አርማለሁ። በተረፈችኝ ሰዓት የእንሰት ዝርያዎችን ዘረመል በኮምፒውተር አነጻጽራለሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ መብራት ይሄዳል፤ እንደገና ከ“ሀ” እጀምራለሁ።

ከጓሮህ ቅጠል ልለቅም የመጣሁ ቀን ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቅከኝ። እያንዳንዱ ተክል በውስጡ ረጅም ጽሑፍ አለው፣ እሱን ነው የማነበው አልኩህ። ሳቅክና፣ እኔም አነበዋለሁ እኮ፣ ያውም ያለ መብራት አልከኝ።

ሁለት እንሰቶች ፊት ቆምን። የአንዱ ቅጠል መሃሉ ቀላ ያለ፣ የሌላው አረንጓዴ ነበር። በሁለት ስም ስጽፋቸው እጄን ያዝክ። እናቴ፣ አያትሽ፣ ስትዳር ከአገሯ ከደካ ይዛው ከመጣችው ከአንዱ እንሰት የተከፈሉ ናቸው፣ ያኛውን ጥላው ነው ያደበዘዘው አልክ። በአማርኛ ጀምረህ በቋንቋችን በካፊኖኖ ጨረስከው። እኔ ግን፣ አባዬ፣ ይሄ በዓይን አይታወቅም ብዬ ዘጋሁህ። ከሁለቱም ቅጠል ቆርጠህ ሰጠኸኝ። በዓይን አይታወቅም ያልኩት እኔው መልካቸውን ብቻ አይቼ፣ ሁለት ዝርያ ናቸው ብዬ ጽሑፍ አሳተምኩ።

የዘረመላቸው ውጤት የደረሰኝ አንተ ካረፍክ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። አንድ ናቸው።

የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረጌ የሚታየው በዚያ ጽሑፍ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ስነግረው በሩን ዘጋና፣ ማን ያየዋል፣ ዶክተር? ይተዉት አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ ከዋጫ የመጣች የማስተርስ ተማሪዬ መመረቂያዋን በዚያው ጽሑፍ ላይ ልትመሠርት እንደሆነ በደስታ ነገረችኝ። ፊቷን ማየት አቃተኝ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቆሜ ተሳስቻለሁ አልኩ። አባቴ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም አልኩ። ለመጽሔቱም ማስተካከያ ላክሁ።

ማዕረጉ ቀረ። ሌላ ጽሑፍ ይዘሽ ተመለሽ ተባልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከየት አምጥቼ እንደምጽፍ አላውቅም። ያ ግን ያን ያህል አልከበደኝም። የከበደኝ፣ ልክ ነህ ልልህ ስነሳ የምለው ሰው ማጣቴ ነው። የነገርኳት እማዬን ነው። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች።

ልጆቼ ስለ አያታቸው ሲጠይቁኝ የምነግራቸውን ይዣለሁ። ልክ ሆኖ ሳለ፣ ስዘጋው ያልተቆጣኝ ሰው ነበር እላቸዋለሁ። አልረሳህም፣ አባዬ። ቢደክመኝም አልረሳህም።

ልጅህ