እጄ መስሎኝ ነበር

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

የጠዋት ተረኛ ነበርኩ። የሕፃናቱ ክፍል ጢም ብሏል። ዐሥራ አራት አልጋ፣ ዐሥራ አራት ሕፃን፣ እንቅልፍ ያጡ ዐሥራ አራት እናቶች። ለአምስቱ ግሉኮስ ተከልኩ። አራቱ በአንዴ፣ አምስተኛው በሁለተኛው ሙከራ። የመድኃኒቱን ስም ለማንበብ ብልቃጡን ይዤ መስኮቱ ድረስ ሄድኩ። ጽሑፉን ከቀን ወደ ቀን እያሳነሱት መጡ... ወይስ መብራቱ ነው? አምፖሉ ይቀየር ብዬ ለጥገና ክፍል ነገርኩ። ከሰዓት በኋላ መጥተው ቀየሩት። ያው ነው።

ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ያመጣውን የፈተና ወረቀት ሲያርም አመሸ። አንዱ ተማሪ "ልብ አራት ክፍል አለው፤ አንዱ ሁልጊዜ ዝግ ነው" ብሎ መልሷል አለኝ። ግማሽ ነጥብ ሰጠው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ "እጀ ቀላሏ ሲስተር የታለች?" ስትል ሰማሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ያገኘሁት ማዕረግ ይኸው ነው። ሌላ ጊዜ ደስ ይለኛል። ዛሬ መድኃኒት ክፍል ገብቼ ተደበቅሁ። በኋላ ወጣሁ እንጂ... ምን አማራጭ አለ? መርፌው በሁለተኛው ገባልኝ። ልጁ ሲያለቅስ እናትየው ቀና ብላ አየችኝ።

ቤት ገብቼ ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተመለከትኩት። ይንቀጠቀጣል? አይንቀጠቀጥም። ትንሽ ግን... እንጃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

የስምንት ወር ልጅ። ተቅማጥና ትውከት አድርቋታል፤ ደም ስሯ ጠፍቷል። እጇ ላይ ሞከርኩ፣ አለፈኝ። እግሯ ላይ፣ አለፈኝ። ደንባችን ግልጽ ነው፤ ሁለቴ ከሳትሽ ለሌላ ሰው ትለቂያለሽ። አዲስ ለሚገቡት ይህን የማስተምረው እኔው ነኝ። ሦስተኛ ወጋኋት። ለምን? ለልጅቷ ብዬ? አይደለም... ለራሴ ነው። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኃላፊያችን ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። "ለኔ ተይልኝ" አለች በቀስታ። በአንዴ አስገባችው። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገልጣ ጡት ያዘች። ተርፋለች። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እጄ አለቀለት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ማመልከቻ ጻፍኩ። ወደ ካርድ ክፍል እንድዛወር። ኃላፊዋ ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 19

እትዬ መጣች። ታላቅ እህቴ ከኛ ሦስት መንገድ ወዲያ ነው የምትኖረው፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ወጥ ቤት ተቀምጠን እኔ ሩዝ ስለቅም እሷ የጎረቤቷን ውሻ ታማልኛለች። በመሃል እጄን አየች።

"በዓይንሽ ነው በጣትሽ የምትለቅሚው?" አለችኝ።

እጄን አየሁት። እውነቷን ነው። ጠጠሩን የምለየው በዳሰሳ ነው። መቼ እንደጀመርኩ እንኳ አላውቅም።

"አባባም እንዲህ ነው የጀመረው።"

የአባባን ዓይን የወሰደው የዓይን ግፊት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቀን። ከአልጋው እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥሮ ይዞ፣ ሰውን በድምፁ እየለየ... የነቃችበት እትዬ ናት። አንድ ቀን በር ላይ የተሰቀለውን ካፖርት "ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?" ሲለው ሰማችው። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን አቋርጣ ዘጠኝ ዓመት እጁን ይዛ መራችው። እኔ ነርስነት የተማርኩት እሷ ቤት ስለቀረች ነው። በዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም።

ታዲያ እኔስ? ከመቼ ጀምሮ ነው የደበቅሁት? ከራሴ ጭምር...

ረቡዕ ሐኪም ጋ እወስድሻለሁ አለች። ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

ማለዳ ባለቤቴ ሳይነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ከአልጋ እስከ በር ሄድኩ። ሰባት እርምጃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ሐኪሙ ዓይኔ ላይ የጨመረው ጠብታ ገና አልለቀቀኝም፤ ይህን የምጽፈው ፊደሉን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አግዝፌ ነው።

የዓይን ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። በሕፃንነቱ እኔው ወግቼው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አገጬን ማሽኑ ላይ አስደገፈኝ፤ ዓይኔ ላይ አየር እፍ አለብኝ፤ አበራብኝ፤ ፊደል አስነበበኝ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ከራሴ መፍጠር ጀመርኩ። ነቃብኝ። እትዬ ጥግ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከኔ በላይ የገረጣችው እሷ ናት።

ከዚያ ወንበሩን አዞረና "ሲስተር፣ ግፊትዎ ደህና ነው" አለኝ። "ነርቩም ደህና ነው። ይሄ ዕድሜ ነው።"

ሰው አረጀሽ ተብሎ እንደዚህ ደስ ይለዋል?

ስለ እጄ ነገርኩት። ሦስቴ የወጋኋትን ልጅ ጭምር። አልሳቀም። በቅርብ ያለው ሁሉ ብዥ እንደሚልብኝ፣ ደም ስር ሳገኝ የከረምኩት በዳሰሳ እንደሆነ አስረዳኝ። "እጅዎማ" አለ፣ "ዓይንዎ ያቃተውን ሲሸፍንልዎ የቆየ ነው።"

ዐርባ ሰባት ዓመት አብሮኝ የኖረውን እጄን በሐሰት ከስሼው ኖሯል።

የሩቁም ትንሽ ቀንሷል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ መነጽር፤ ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ። ባይፎካል ይሉታል። ስንወጣ፣ አባታችሁ ግፊት ከነበረባቸው እህትዎም መታየት አለባቸው አለ። እትዬ "የኔ ዓይን ምን ሆነና?" ብላ ቀድማኝ ወጣች። በደስታዬ ልብ አላልኩትም። አሁን ስጽፈው ነው የቆረቆረኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28

መነጽሩ ደረሰ። ባለሱቁ ሁለት ሳምንት ይታገሱ፣ አንገትም መልመድ አለበት አለኝ። ከሱቁ ስወጣ አስፋልቱ ሽቅብ መጣብኝ። አንዲት አጭር ደረጃ ለመውረድ እግሬን እንደ ፈረስ አነሳሁ። ሁለት ሴቶች ቆመው አዩኝ።

ቤት ገብቼ ዙሪያውን ተመለከትኩ። ይሄ ሁሉ አቧራ ከየት መጣ? እስከ ምሽት ስወለውል ባለቤቴ "ትናንት እኮ ቤታችን ንጹህ ነበር" አለ በሐዘን። አገጬ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ፀጉር አለ። ረጅም። ስንት ሰው አይቶ ዝም አለኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 29

የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ የመጨረሻዋን ሳትኳት። ጉልበቴ ተላጠ። ደረጃ ያለው ታች፣ የታችኛው መስታወት ደግሞ ለቅርብ... ቁልቁል ሳይ ሁሉም ጭጋግ ነው። አንገቴን ደፍቼ በላይኛው ካላየሁ አይሆንም። ራሴን አመመኝ። አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። ይሄን ነገር የፈለሰፈው ሰው ቤቱ ደረጃ አልነበረውም መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 1

ባለቤቴ ቁርስ ላይ "ምን አጠፋሁ?" አለኝ። ግራ ገባኝ። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ አገጬን አንስቼ በታችኛው ሳየው፣ የናቅሁት መስሎታል። ሳቄ መጣ። ስስቅ ቆይቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ልጅቷን፣ ፍርሃቴን፣ ማመልከቻውን። አዳመጠኝ። "አንቺና ካርድ ክፍል?" አለ በመጨረሻ። "በሦስት ቀን ከወረቀቱ ጋር ትጣያለሽ።" ብቻሽን ለምን ፈራሽ አላለኝም። ግን ሲወጣ፣ ልማዱ ሳይሆን፣ ተመልሶ ግንባሬን ሳመኝ። መነጽሩን በጣቱ አቆሸሸብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

የሃያ ቀን ወንድ ልጅ። ኃላፊዋ አልጋው አጠገብ ስታየኝ "ያዢው" ብላ ጥላኝ ሄደች። አገጬን ከፍ አደረግሁ። ከፍ... ትንሽ ዝቅ... እዚያ ጋ። የእጁ ቆዳ በስሱ ተገለጠልኝ፤ የጥፍሮቹ ጠርዝ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰማያዊ ክር። ጥርት ያለ። እንዲህ ነበር እንዴ የሚታየው? ድሮ እንዲህ ነበር የማየው? ረስቼዋለሁ።

በአንዴ ገባ። ልጁ ለማልቀስ አፉን ከፈተና ሐሳቡን ቀየረ።

ማመልከቻዬን ልወስድ ቢሮዋ ሄድኩ። ከመሳቢያው አውጥታ ሰጠችኝ፤ ፖስታው እንደታሸገ ነው። ለምን አላነበብሽውም ብላት፣ መነጽሬን ረስቼ ነው አለችኝ። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

እትዬ ሁለት እሑድ ሙሉ እምቢ አለችኝ። አንድ ቀን ውሻው፣ አንድ ቀን ወገቧ። ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤቷ ሄድኩና በር ላይ ቆምኩ።

"ዘጠኝ ዓመት አንቺ መራሽ" አልኳት። "አንድ ቀን ደግሞ እኔ ልምራ።"

አባባ ከሞተ ጀምሮ ይህ ጉዳይ በመካከላችን ሲነሳ የመጀመሪያው ነው። ጫማዋን አደረገች።

የግራ ዓይኗ ግፊት ከፍ ብሏል። ከዳር በኩል ትንሽ እይታ ሄዷል፤ እሷ አላወቀችውም። ሐኪሙ አልሸፋፈነም፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በየምሽቱ በሚጨመር ጠብታ እንይዘዋለን አለ። እትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"እንደ አባቴ?"

"አባትዎ ሳይታከሙ ነው የቆዩት። እርስዎ በጊዜ መጥተዋል።"

ደጋግማ "በጊዜ" አለች፣ ለራሷ። መንገድ ላይ ክንዷን ያዝኩ፤ ልመራት። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ አላየሁትም። ልደፋ ስል አፈፍ አድርጋ ያቆመችኝ እሷ ናት። እዚያው ቆመን እስኪያልበን ሳቅን።

እሑድ፣ ኅዳር 24

እትዬ ጠብታውን ለራሷ መጨመር አልሆነላትም። ጉንጯ ላይ፣ አንገቷ ላይ... አንዱ ብልቃጥ በዐሥር ቀን አለቀ። ስለዚህ ማታ ማታ እራት ሳይቀርብ እኔ እሄዳለሁ። ደረጃዋን ወጥቼ ስገባ አሁን እግሬን አላይም፤ ራሱ ያውቀዋል።

ዛሬ መብራቱ ስር አስቀምጬ አንገቷን ወደ ኋላ አስደገፍኳት። ልጅ ስላልወለድኩ፣ አለችኝ ዓይኗ እንደተከደነ፣ ማን እጄን ይይዘኛል ብዬ ነው ያልታየሁት። እኔስ? አልኳት። አንቺማ ሥራ አለሽ አለች። ያለ ቂም ነው የተናገረችው፤ ከልቧ እንደዚያ ስለምታስብ። ይህ ይበልጥ ከበደኝ።

"ከሥራ በፊት አንቺ ነበርሽ" አልኳት።

የዓይኗን ሽፋን በጣቴ ገለጥኩና ጠብታውን ጨመርኩላት፤ ጨፈነች። ቅንድቧ ስር ያለችውን ጠባሳ ለካ ረስቻት ነበር። ሽፋሽፍቶቿ መሸበት ጀምረዋል። አፍንጫዋ የአባባ ነው።

"ጨረስሽ?" አለችኝ።

"ትንሽ ቆይ፣ አትግለጪ።"

ጨርሼ ነበር። እያየኋት ነው።