ጺም ላይ የተራገፈው ብልጭልጭ

እህት ዓለም፣

ራትሽ ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቂው።

ያን ርካሽ የፊት ብልጭልጭ «ወዛም ፊት ላይ አይቆይም» ስትይኝ፣ ቀናሽ ብዬሽ ነበር። ይኸው።

መልኬ ቀላ ያለ ስለሆነ ብልጭልጩ አልታይ ሲለኝ ደራርቤ ተቀብቼው ሥራ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ወዜ ይዞት ወረደ። የጥርስ ሐኪሙን ላግዝ ጎንበስ ስል የአንድ ታካሚ ሽማግሌ ጺም ላይ ተራገፈ። ማናችንም ልብ አላልንም።

አሁን ሰውየው ደወሉ። ሚስታቸው «ከማን ጋር ስትላፋ ዋልክ?» ብለው በር ዘግተውባቸዋል።

ላስረዳላቸው እየሮጥኩ ነው። ፊቴን ያልታጠብኩት ለማስረጃ ነው።

በነጩ ፎጣሽ ትንሽ ጠረግ አድርጌ ነበር... ተይው፣ ስመጣ እናወራለን።

ሴትየዋ ካላመኑኝ ሽማግሌውን ይዣቸው እመጣለሁ። ሶፋው ላይ አንጥፊላቸው።