ቦረቦሩ መቃብርህ ጋ ሳይደርስ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ክረምቱም ደጃፋችን ደርሷል። ይህን በአማርኛ የምጽፍልህ ሌላም ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው። አንተ አማርኛ የቢሮ ቋንቋ ነው እያልክ ከእኔ ጋር በሲዳምኛ ብቻ ነበር የምታወራው። የዛሬው ወሬዬም ግማሹ የቢሮ ነገር ስለሆነ ታገሠኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ የእንሰቱን ጓሮ እስካሁን ለማንም አላስነካችም። ቱላ አንተ የምታውቃት ቱላ አይደለችም፤ ባዶ የነበረው ሁሉ ቤት ሆኗል። ጎርፉ ግን በእኛ በኩል ብሷል። ድሮ ቀስ ብሎ ይዘንብ የነበረው ዝናብ አሁን ይጠፋ ይጠፋና በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ውሃው ቦረቦሩን እየቆረሰ የጋሽ ላታሞን የበቆሎ ማሳ ግማሹን ወሰደባቸው። ከዚያ ወደ አንተ ዞረ። ባለፈው መስከረም ሄጄ ሳየው ከመቃብርህ ጥቂት እርምጃ ብቻ ቀርቶት ነበር፣ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ ለምክክር ሶንጎ ተቀመጡ። አንዳንዶቹ ሌላ ክረምት ሳይገባ አፅምህ ይነሣና ወደ ላይ ይዛወር አሉ። እማዬ ይህን ስትሰማ እህል አልቀምስ አለች። ጋሽ ላታሞ ግን ልጅቷ ወደ ትልቁ ስብሰባ ልትሄድ ነው፣ የእኛንም ነገር ይዛ ትሂድ፣ የሚሏትን ሰምተን እንወስናለን አሉ። ሁሉም ተስማሙ። እኔም ያንን ሸክም ይዤ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

ትልቁ ስብሰባ የሚሉት መንግሥታት ስለ አየር ንብረት የሚደራደሩበትን ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራችን እኔ ተመረጥኩ። ብትኖር ደመወዝ ለሌለው ሥራ መሃል ከተማ ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤትሽን ዘግተሽ ትሄጃለሽ ብለህ ታሾፍብኝ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ መንደሩን ሁሉ እየዞርክ ልጄ ሄደች ትል ነበር። የሰጡኝ የታዛቢ ባጅ ነው። ታዛቢ ኋላ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ አይናገርም። ልምዱስ ነበረኝ። ልጅ ሆኜ ሶንጎ ስትሄድ ከኋላህ ታስቀምጠኝ አልነበር? ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች ሲሉህ ውሃ ታቀብለኛለች ትላቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ውሃ አስቀድተኸኝ አታውቅም።

እዚያ ያሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፣ አባዬ። ደክሟቸዋል፤ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ብዙ ነው። ነገር ግን ጎርፍና ድርቅ ለሚጎዳቸው አገሮች ስለሚከፈለው ካሳ የሚያወራው ጽሑፍ ጠዋት አንድ ነገር ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ለስልሶ ይመጣል። በመጨረሻው ቀን ሰብሳቢው ያንን የለሰለሰውን በጥድፊያ አቀረቡና ተቃውሞ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

አንተ ባሳደግኸኝ ሶንጎ ጸጥታ እሺታ አይደለም። «አፊኒ?» ሳትል፣ ሰምታችኋል ወይ ብለህ ሳትጠይቅ ነገር አትዘጋም ነበር። ያልሰማ ሰው ካለ አልሰማሁም ይላል፣ ነገሩም ከሥሩ ይነገረዋል፤ ማንም አይቆጣውም። እኔም እግሬ በራሱ አቆመኝ። አልሰማንም፣ እንደገና ይነገረን አልኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ገበያ ስንሄድ በምታፍርበት በዚያ ጩኸታም ድምፄ። ሳልጨርስ የሰብሳቢው መዶሻ ወረደ፤ ጽሑፉ ጸደቀ። ጥበቃዎች ባጄን ወስደው በትሕትና አስወጡኝ። አብሬው የሄድኩት የታዛቢዎች ቡድን አስተባባሪም፣ ታዛቢ ከመቀመጫው አይነሣም ብላ በጣም ተቆጣችኝ። ደግነቱ ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት ባጁን ከማስጠንቀቂያ ጋር መለሱልኝ።

ቱላ ስደርስ ይዤ የመጣሁት መልስ አልነበረም። ሶንጎ ጠራኝ፣ በዚያን ቀን መሃል አስቀመጡኝ። ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ የተላክሁበትን እንዳላደረስኩ፣ እንዳስወጡኝም። ጋሽ ላታሞ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ የአባቷ ልጅ ናት እያሉ። ከዚያ ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የመጀመሪያ ልጅ አንቺ ነሽና አባትሽ ይነሣ ወይስ ይቆይ ብለው ጠየቁኝ። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር፤ እማዬም ከበሩ ሆና። ይቆይ አልኩ። ሁሉም ሰሙ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ቦረቦሩ ውስጥ ነን። ድንጋይ እየደረደርን ክትር እንሠራለን፣ ከዳርና ዳር ቀርከሃ ተክለናል። እማዬ እንኳ በዚያ ጉልበቷ ወርዳ ጠጠር ታቀብላለች፣ ተይ ብንላት አትሰማም። እጄን ብታየው የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ እጅ ነው አትልም። ሰው ያላደረሰውን ጥፋት ለምን ራሱ ይጠግናል እያልኩ የምናደድበት ቀን አለ። ንዴቴን ለኅዳር አስቀምጬዋለሁ።

አዎ፣ በኅዳር እንደገና እሄዳለሁ። ከአሁኑ የመናገሪያ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ ለታዛቢዎች ከተረፈ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሰጣሉ። ከሰጡኝ በአንተ ስም እጀምራለሁ። ካልሰጡኝ በር ላይ ቆሜ ለሚገባውም ለሚወጣውም አወራለሁ። ባጁን ቢወስዱት ለሌላው ዓመት ደግሞ እጠይቃለሁ።

ናፍቀኸኛል፣ አባዬ። ክትሩ ይህን ክረምት ይችለዋል ብዬ አልምልልህም። ቢፈርስ መልሰን እንሠራዋለን፣ ደግሞ ቢፈርስ ደግመን። እስትንፋሴ እስካለች አልረሳህም። አንተ ግን ሳታስብ ተኛ፤ ከዚያ አናነሣህም።

ልጅህ ብዙነሽ