ስለ ሙሔ የወንዛዬ ጉዞ ለጋዜጣችን አዘጋጅ የቀረበ ምስጋና

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አስናቀ
የ«ጣና ዳር ችቦ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ
ባሉበት፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? ስለ ጉልበት ለይቼ የምጠይቅበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል፤ ለጊዜው ግን ክረምቱ ሳይከብድዎ፣ የሐይቁ ትንኝ ሳይደፍርዎ፣ እንቅልፍም ሳይጎድልብዎ እንዲሰነብቱ ምኞቴ ነው።

እኔ አዘዘ አለበል እባላለሁ። በጀልባ ጣቢያው ጫኝና አውራጅ ነኝ። ኩንታል ጤፍ በአንድ ትንፋሽ ከጀልባ እስከ መጋዘን የማደርስ፣ ዝናዬ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ድረስ የተሰማ ሰው ብሆንም፣ እስከ ዘንድሮ ጥር ድረስ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ዛሬ በመሠረተ ትምህርት የማታ ክፍል አንደኛ ወጥቼ (ሁለተኛ የወጣችው ነፊሳ በዚህ ትከራከራለች፤ እሷም ጽፋ ትከራከር) ጋዜጣዎን ከርዕሷ እስከ ማተሚያ ቤቷ አድራሻ ሳልደናቀፍ አነባለሁ። ጋዜጣዎ የአንባቢያንን አስተያየት በደስታ እንደምትቀበል በየግርጌዋ ስለምትጽፍ፣ ደስታዎን ላለማጓደል ይህን ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፌ አንዱን ለእርስዎ ልኬ፣ ሌላውን በማታ ክፍላችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለፈው ሰኔ በሸንጎው ምርጫ ጊዜ ስላደረጉልን አገልግሎት ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ፎቶግራፉ። ከሦስቱ ዕጩዎቻችን አንዱ፣ የዓሣ ማከፋፈያው ኃላፊ ጓድ ዳኘው፣ ትልቅ የቀረሶ ዓሣ ታቅፈው «የሐይቁ ልጅ» በሚል ርዕስ በፊት ገጽ ወጥተዋል። ጓድ ዳኘው ጀልባ ላይ ሲወጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው፤ አዝዬ ያሳፈርኋቸው እኔ ስለሆንሁ አውቃለሁ። ዓሣውን ያጠመደው ሁለተኛው ዕጩ፣ ዓሣ አስጋሪው ሙሔ ነው። ዓሣው ገና ይወራጭ ስለ ነበር፣ እንዳያመልጣቸው ጅራቱን የያዘላቸውም እሱ ነው። እርስዎ ፎቶግራፉን ሲቆርጡ ሙሔን አስወጥተው እጁን እስከ አንጓው ድረስ አስቀሩልን። በምርጫው ሰሞን ከሙሔ ያወጡልን ምስል ይኸው ብቻ ነውና እጅ ነሥቻለሁ። (ሦስተኛው ዕጩ በሁሉም ነገር የሚስማሙ ጸጥተኛ ሰው ስለሆኑ እርስዎም እኔም አንነካቸውም።)

2ኛ. ስለ ጭብጨባው። ዕጩዎቹ በቀበሌያችን አዳራሽ ከሕዝብ ጋር በተዋወቁበት ቀን ጓድ ዳኘው ሲናገሩ፣ ከፊት የተቀመጡት እንግዶች ሳይቀሩ ያንቀላፉ ነበር። ሙሔ የተናገረው ጥቂት ነው፤ «ወገኖቼ፣ ዓሣውን የምናወጣ እኛ ነን፤ ልጆቻችን የሚያውቁት ግን ሽታውን ብቻ ነው። መኪናው ጭኖት ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረኝ ካለ የገዛ ድምፄን ለእሱ እሰጠዋለሁ» አለና ተቀመጠ። ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም። በጋዜጣዎ ላይ ግን ያ ጭብጨባ ተነሥቶ በጓድ ዳኘው ንግግር መካከል ገብቶ አገኘሁት፤ ስለ ሙሔ ደግሞ «ሌላው ዕጩ ስለ ዓሣ ተናግረዋል» ይላል። እኔ ዕቃ ከቦታ ቦታ በማዛወር የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የአዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ ተሸክሞ ከሰው ወደ ሰው ማዛወር ግን ከእኔም ትከሻ በላይ ነው። በተለይ የእኔ ጭብጨባ ከባድ ነበር።

3ኛ. ስለ ወንዛዬ። ከምርጫው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ሙሔ መረቡን ሊያወጣ ሐይቁ ዳር እንዳጎነበሰ፣ ታርጋዋ በጭቃ የተለቀለቀ ላንድሮቨር መጥታ ወሰደችው። ከጀልባ ጣቢያው ቆሜ አይቻለሁ። «መረቡን ላውጣና እመጣለሁ» ሲልም ሰምቼዋለሁ፤ አላስወጡትም፤ መረቡ ከነዓሣው ውኃው ውስጥ ሸተተ። በሚቀጥለው እትምዎ እንዲህ የሚል ወጣ፤ «ዕጩ ሙሔ በጉልበት ሕመም ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ከውድድሩ ራሳቸውን አግልለው፣ ለመታጠብ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደዋል።»

ጓድ ሆይ፣ ምናልባት አያውቁ እንደሆነ፣ በማታ ክፍላችን ጋዜጣዎ የንባብ መለማመጃችን ናት። ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዐረፍተ ነገር አንብቦ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ ሳይደናቀፍ ለጨረሰ ይጨበጨብለታል። ያች ዐረፍተ ነገር የደረሰችው ለሙሔ ሚስት ለዘይነት ነው። ከክፍል የቀረ ሰው ስሙ ለቀበሌ ስለሚተላለፍ፣ ባሏ በተወሰደ በሳምንቱም መጥታ ነበር። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ማንም ሳያግዛት የጨረሰችው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሯ ነው። መምህርታችን እሌኒ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኛም እንደ ልማዳችን አጨበጨብን። ይህንንም ጭብጨባ ለፈለጉት ሰው ሊያዛውሩት ይችላሉ።

ዘይነት ግን ደስ አላት። ስንወጣ ጠጋ ብዬ «ዘይነቴ፣ መኪናዋን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» ብላት፣ «አንተ አዘዘ፣ አንተ ቀልደኛ ነህ፤ ይኸ ጽሑፍ ነው» አለችኝ። የገዛ ዓይኔን ተጠራጠርሁ፤ ጽሑፍ እንደማይዋሽ ሁላችንም ተምረን ነበርና።

በማግስቱ ዳቦ ጋግራ፣ ሽርጡንና ፎጣውን ቋጥራ፣ በጭነት መኪና እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያም በዝናብ በእግሯ ወንዛዬ ደረሰች። ከሚታጠበው ሰው ያልጠየቀችው የለም። እግራቸውን የነከሩ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰሞኑን ከባሕር ዳር የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አሏት። ዳቦውን ለእሳቸው ሰጥታ ተመለሰች። ከዚያ ወደ እስር ቤቱ ደጅ ስንቅ ይዛ ብትሄድ፣ ዘበኛው «ጋዜጣ አታነቢም እንዴ? ሰውዬው ወንዛዬ ነው» ብሎ መለሳት። ጎረቤቱ ሊያስተዛዝናት ቢሰበሰብ ደግሞ፣ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ወለተ ኪዳን መጥታ «ታጥቦ ለሚመለስ ሰው አይለቀስም» ብላ በተነችን።

እንግዲህ ባሏ ሞቶ እንደሆነ የባሏን ሐዘን ዒዳዋን መቀመጥ፣ በሕይወት ካለም ስንቅ መቋጠር ይገባታል። ሁለቱንም የከለከለቻት የእርስዎ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ተሸክሜአለሁ፤ እንዲህ ያለ ክብደት ግን በወረቀት ተጠቅልሎ አላየሁም።

አራተኛ ቁጥር የለኝም፤ አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ጓድ ዳኘው አሸንፈዋል፤ ወንበሩም ዓሣውም ጭብጨባውም ይሁንላቸው። እርስዎ ሙሔ ካለ ያለበትን፣ ከሌለም አለመኖሩን በአንድ መስመር ይጻፉልን። ፊደሉን ተለቅ ያድርጉልኝ፤ የምታነበው ዘይነት ናት። ሙሔ ከዓሣው ጋር ከተነሣው በቀር ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም። ስለዚህ ያን እጅ በአውራ ጣቱ ጠባሳ ለይታ፣ ከፊት ገጽዎ ላይ በመቀስ ቆርጣ በሻሽዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ከዓሣው ጅራት ልትለየው ብትሞክር ጣቶቹ አብረው ሊቆረጡ ሆነባት፤ ከነጅራቱ ተወችው።

ጭብጨባዬ እጅዎ ላይ የቀረ፣ አንብቦ የማይጠግብዎ፣ ስሙንም ለመጻፍ ብዙ ስለ ደከመበት መደበቅ ያልሆነለት፣

አዘዘ አለበል
የጀልባ ጣቢያው ጫኝና አውራጅ

ሳልጽፈው እንዳይቀር፤ ጉልበቴ ደኅና ነው። ወገቤም ዓይኔም ደኅና ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከደልጊ የመጣውን እህል ብቻዬን አራግፌያለሁ፤ ወደብ ሙሉ ሰው አይቶኛል። ወደ ፍል ውኃ የሚያስኬድ አንዳችም ነገር የለብኝም። በሚቀጥለው እትምዎ አዘዘ በገዛ ፈቃዱ ሊታጠብ ሄደ የሚል የሚያወጡ ከሆነ ግን፣ እባክዎ ፎቶግራፌን ሙሉውን ያውጡልኝ፤ እጄን ለይታ የምታውቅ ሚስት የለችኝም።