በራችን በውሉ ውስጥ አለ ወይ?

የካቲት 4

ለማንም ተናግሬው የማላውቅ ነገር አለ። የሰው ደብዳቤ ሳነብ መስመር ዘልያለሁ። አውቄ። ይኸው ጻፍኩት… እጄም አልተቆረጠ።

ዛሬ እንደሌላው ቀን ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ስዘመዝም ዋልኩ። መርፌ ተሰበረብኝ። ድንቢጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ በየመልኩ ትለይልኛለች። የባሌ እህት ናት፤ እሱ ከሞተ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ስሙን ያወጣላት ወደብ የሄደው ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ ያኔ እውነትም ድንቢጥ ታክል ነበር። አሁን ደረጃውን ስትወጣ እየቆመች ነው። ጎረቤቶች "ክንፍሽን ምን በላው?" ሲሏት "ተቀምጬበት ተጨፍልቆ" ትላለች።

የልቧ ክኒን በየወሩ ከትልቁ ሆስፒታል በፖስታ ይመጣላታል። የዚህ ወር ዘገየ።

የካቲት 7

ክኒኑ መጥቶ ነበር አሉ! ከደረጃው ግርጌ ያለው ባለ ሱቅ ነው የነገረኝ። ባለሞተሩ ጥቅሉን እንደያዘ ደረጃውን ሽቅብ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ተመለሰ።

ድሮ ፖስተኛው በራችን ድረስ ይመጣ ነበር። ካምና ጀምሮ ፖስታ ቤቱ የማድረሱን ሥራ ለአንድ የግል ድርጅት በውል ሰጥቶታል። ወደ ድርጅቱ መጋዘን ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ሳይል፣ "እናንተ ሰፈር በውሉ ውስጥ የለም፣ እናቴ" አለኝ።

ከዚያ ፖስታ ቤት። እነሱ ደግሞ አላችሁ አሉኝ። ታዲያ ወረቀቱን አሳዩኝና ለልጁ ልንገረው ብላቸው፣ አይቻልም፤ ውሉ የንግድ ምስጢር ነው።

አንዱ የለህም ይላል፣ አንዱ አለህ ይላል፣ ወረቀቱን የሚያሳይ ግን የለም። እኛ ታዲያ የት ነው ያለነው?

የካቲት 9

ድንቢጥን ክኒን በጥርሷ ስትገምስ ያዝኳት። ግማሹን ለነገ ልታቆይ። ቆጣ ብል "ልቤ ምኑን ያውቃል፣ ግማሽ ይሁን ሙሉ?" አለችኝ። ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

የካቲት 12

ማንበብ የተማርኩት በልብስ ቁርጥ ነው። የሰፋሁበት ቤት እመቤት ልኬቱን በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነበር የምትቆርጠው። እጅጌ ሳነሳ አንድ ፊደል፣ አንገትጌ ሳነሳ ሌላ… እየጠየቅኩ፣ እየገመትኩ። እስከ ዛሬ ጋዜጣ በሙሉ ሳየው ትርፍ ወረቀት ያለው ይመስለኛል።

ዛሬ ከቁርጦቼ መሀል አንድ እጅጌ ላይ፣ "ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃን የመጠየቅ መብት አለው፤ የተከለከለም ሰው…" ይላል። ቀሪው ብብቱ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል።

የተከለከለ ሰው ምን ያደርጋል? አላውቅም። መጀመሪያ ልጠይቅና ይከልክሉኝ። ማመልከቻ ጻፍኩ። ውሉን አሳዩኝ፣ ቢያንስ የሰፈሮቹን ዝርዝር።

የካቲት 15

ሆስፒታሉ የተመለሰውን ጥቅል እንደገና ልኮት ኖሮ ሱቁ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ፀሐይ ላይ። ለዚህኛው ወር ዳንን። ለሚቀጥለውስ?

የካቲት 26

መልስ መጣ። ማኅተሙ ከደብዳቤው ይበልጣል። ድንቢጥ አንብቢልኝ አለች፤ ጎረቤታችንም ነበረች። "የተጠየቀው መረጃ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢር በመሆኑ ልንሰጥ አንችልም።"

"ሦስተኛ ወገን ማነው?" አለች ድንቢጥ።

"ድርጅቱ።"

"አንደኛው ፖስታ ቤት፣ ሦስተኛው ድርጅቱ። ሁለተኛዋ እኔ ነኛ! እሰይ፣ አልተረሳሁም።"

ጎረቤታችን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ድንቢጥም ወደ እኔ እየጠቆመች፣ "ወረቀት ካላችሁ ለእሷ አምጡ። የወንድሜ ሚስት ስታነብ አትጨምርም፣ አትቀንስም" አለቻት።

አትቀንስም። ክር ልፈልግ ብዬ ተነሳሁ።

መጋቢት 3

ፖስታ ቤት የመረጃ ሹሟ ዘንድ ገባሁ። ልጅ እግር ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የደረቀ አበባ። ሕጉን በቃሏ ወጣችልኝ፤ ተፎካካሪ፣ ጥቅም፣ ጉዳት… ስትጨርስ፣ እንዲያው ሰፈራችን አለ የለም፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ ብዬ ለመንኳት።

በሩን አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔም አላነበብኩትም፣ እማማ" አለች።

"እንዴት?"

"አለቃችን መሳቢያ ውስጥ ነው። ያላነበብኩትን ነው የምጠብቀው።"

ምን ትላታለህ? የተከለከለ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ እንዳለ የነገረችኝም እሷ ናት። አድራሻውን በቁራጭ ወረቀት ጻፈችልኝ። ብብቱ ላይ የቀረው ይኼ ነበር ማለት ነው።

መጋቢት 15

የዛሬውን ላለመጻፍ ነበር ሐሳቤ።

የዚህ ወር ክኒን መጋዘን ቀርቷል። ልቀበል ብሄድ፣ መድኃኒት ነውና ባለቤቷ ራሷ መታወቂያ ይዛ ትምጣ አሉ። መውረድ አትችልም ብል፣ "በሩ ድረስ እንድናመጣ ውሉ አያዘንም" አሉኝ። ውሉን ያየ ማን አለ?

ድንቢጥ እወርዳለሁ አለች። በመቀመጫዋ፣ አንድ አንድ ደረጃ እየተንሸራተተች ወረደች። ልጆች ሲስቁ አብራ ሳቀች። መውረዱስ ይሁን። ስንመለስ ደረጃው እኩሌታ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ጠቆረ። ትንፋሿ እንደ ወንፊት። እጇን ይዤ… መቼ እንደተነሳን አላውቅም። ሁለት ሰዎች በወንበር ተሸክመው አስገቧት። ሐኪሙ መጥቶ አያት፤ ሁለተኛ በዚህ ደረጃ እንዳትወርድ፣ ብትወርድ እንደማይመልሳት ነገረኝ። ለእሷ ሳይሆን ለእኔ፣ ውጭ ጠርቶ። ገብቼ እንዳለው ነገርኳት። ውጭ የሰማሁትን መንገር እችላለሁ… ለምን ስለ ድሮው አቃተኝ?

ማታ ላይ ትንፋሿ ሲመለስ ታላቅ ወንድሟን አነሳች። "ወደብ ያለ ሰው ደረጃ የለበትም፤ ሜዳ ነው ይላሉ። ሊወስደኝ ነበር እኮ፣ ትንሽ ሆኜ ቃል ገብቶልኝ። ከዚያ ረሳኝ። ሰው ሲርቅ ይረሳል፣ አልፈርድበትም" አለች።

አልረሳሽም።

መጋቢት 16

አሁን ካልጻፍኩት መቼ ልጽፈው ነው?

ያኔ አማቴ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ባሌ ፊደል አልቆጠረም፤ ሾፌር ነው፣ ሰንብቶ ነው የሚመጣ። ማንበብ የምችል እኔ ብቻ። ደብዳቤ ከወደብ ሲመጣ እኔ አነባለሁ፣ አማቴ ይሰማሉ፣ ድንቢጥ በሩን ተደግፋ ትሰማለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

"ድንቢጥን ላኩልኝ፤ ትምህርት ቤት አግኝቼላታለሁ፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች" ይላል።

ዓይኔ መስመሯን አየ። አፌ ወደሚቀጥለው አለፈ። "ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላም በሉልኝ።"

እርጉዝ ነበርኩ። እሷ ከሄደች ውሃ መቅዳቱ፣ አማቴን ማጠቡ፣ ሁሉም በእኔ ጫንቃ ላይ ነው። ለራሴ ግን እንደዚህ ብዬ አልነገርኩትም። ልጅ ናት፣ ግራ ይገባታል፣ ለራሷ ስል ነው… ብዬ ነው የነገርኩት። ያ እርግዝናም አልጸናም።

ደጋግሞ ጠየቀ። መልሱን የምጽፈውም እኔ። አማቴ ያሉትን ጻፍኩ፤ ያልሰሙትን እንዴት ይመልሱ? በስተመጨረሻ፣ "ካልፈለገች አታስገድዷት፣ ገብቶኛል" አለ። ያቺንም መስመር ዘለልኳት። ከዚያ ወዲህ ስለ ድንቢጥ ጽፎ አያውቅም። እዚያው ሞተ።

አማቴ ካረፉ በኋላ ደብዳቤዎቹን አቃጠልኳቸው። አሁን መስመሯ ያለችው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። አለቃውስ ቢሆን መሳቢያ አለው… እኔ መሳቢያው ራሴ ነኝ።

ሚያዝያ 6

የመረጃ ሹሟ በጻፈችልኝ አድራሻ ያስገባሁት አቤቱታ ዛሬ ተሰማ። ጠባብ ክፍል ነው፤ ማራገቢያው ይንጫጫል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። የድርጅቱ ጠበቃ ጥሩ ኮት ለብሷል፤ የግራ እጅጌው ግን በደንብ አልተገጠመም። እሱን እያየሁ ልቤን አረጋጋሁ።

ዋጋው ምስጢር ይሁን፣ የሰፈሮቹ ዝርዝር ምኑ ነው ምስጢር ብለው ጠየቁት ሰብሳቢዋ። የት እንደምንደርስ የት እንደማንደርስ ተፎካካሪ ካወቀ ይጎዳናል አለ።

"ሞተራችሁ ቀለሙ ምንድን ነው?"

"ቀይ ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።"

"ስማችሁ ተጽፎበታል?"

"በትልቁ።"

"እንግዲህ ተፎካካሪያችሁ ዓይን ካለው አውቆታል። የማያውቁት መቼ እንደምትመጡ የሚጠብቁት ብቻ ናቸው።"

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጠበቃው ቀላ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገረ። ሰዎች ከውሉ ቁራጭ አንብበው ግራ እንዳይጋቡ ነው፣ "ለራሳቸው ሲባል ነው" አለ።

ጆሮዬ ጮኸ። ቃሉ የእኔ ነው። አንድም ፊደል ሳይጎድል የእኔ። ይኼ ልጅ ከየት አገኘው? እንዴት ነው እንዲህ የሚያስጠላው ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ?

ሰብሳቢዋ፣ እናት የሚሉት አለ ወይ አሉኝ። ተነሳሁ። ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋ።

"ትርፋችሁን አልጠየቅኩም። በራችን በውሉ ውስጥ አለ ወይ ነው ያልኩት። ካለ፣ ኑ እንላችኋለን። ከሌለ፣ ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን። ግራ መጋባቱን ለእኛ ተዉልን።"

ተቀመጥኩ። 

ሚያዝያ 7

ድንቢጥ ትናንት የተናገርኩትን አስደገመችኝ። "አንቺ? ዳቦ ቤት ተራሽን ሲነጥቁሽ ዝም የምትይዋ?" … ክኒኑ እያለቀ ነው።

ሚያዝያ 19

ተፈረደ። ዋጋው ተሸፍኖ ይቆይ፣ የሰፈሮቹ አባሪ ይሰጣት። የመረጃ ሹሟ ራሷ ደረጃውን ወጥታ አመጣችልኝ፤ እያለከለከች። ፎቶ ኮፒ ሳደርገው አነበብኩት አለች፤ እንደ ሌባ እየሳቀች።

ድንቢጥ ቁልፎቹን ወደ ጎን ገፋች። "በይ።"

አነበብኩ። ሰፈራችን አለ! ስሙ ከነደረጃው ተጽፏል። "ለተቀባዩ በር ድረስ ይደርሳል።" ድንቢጥ እጇን አጨበጨበች፤ እነዚያ መጋዘን ያሉት ፊታቸውን ባየሁት አለች። እኔ ግን ዓይኔ ታች ወርዶ ነበር።

"ከደረጃው በላይ ላሉ ቤቶች የበር ድረስ አገልግሎቱ በሰኔ መጨረሻ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ከመጋዘን ይወስዳሉ።"

ደስ ብሏታል። ፊቷ ላይ ያ በር ተደግፋ ስትሰማ የነበረችው ልጅ አለች። ልብ ታማሚ ናት፤ ዛሬን ደስ ይበላት፣ ነገ እነግራታለሁ… አፌ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ተዘጋጅቶ ነበር። እሱስ መንገዱን ያውቀዋል።

አነበብኩት። ሙሉውን። 

እኔ ከንፈሯን ነው የማየው። ከዚያ፣ "ሰኔ መጨረሻ… እንግዲያስ ጊዜ አለን" አለች። ከደረጃው በላይ ያለነው ሁሉ አንድ ላይ እንፈርማለን፤ ትጽፊልናለሽ፤ ያቺ ሰብሳቢሽ ጋ ትወስጅዋለሽ። በጣቷ ቤቶቹን መቁጠር ጀመረች። ቀጥላ እንደ ቀልድ፣ "ደግ አደረግሽ ያነበብሽልኝ። ብትደብቂኝ ኖሮ ሐምሌን በር በሩን ሳይ ልከርም ነበር። መጠበቅ እንደሆን ልክፍቴ ነው" አለች።

ሚያዝያ 21

ቀዩ ሞተር ግርጌ ቆመ። ልጁ ጥቅሉን ታቅፎ ደረጃውን ወጣ። ድንቢጥ በሩን ራሷ ከፈተችለት። "ልጄ፣ ውሃ ላምጣልህ፤ እኔንም እንደዚሁ ነው የሚያደርገኝ" አለችው። ፈረመች፤ በአውራ ጣቷ። ሰማያዊው ቀለም እስካሁን አልለቀቀም።

አውራ ጣቷን ሳይ ዋልኩ። ትምህርት ቤት አግኝቼላታለሁ፣ ይል ነበር።

ሚያዝያ 22

ዛሬ ስፌት አልነካሁም። ይህን ከመጀመሪያው አነበብኩት። የሚያሳፍሩኝ ቦታዎች አሉ፤ አንዱንም አልሰረዝኩም።

ትጠላኝ ይሆናል። ማን ቁልፍ ይለይልኛል? ማን ያስቀኛል? ልቧስ ቢደነግጥ? ሐኪሙን ጠየቅኩ፤ የሰው ጉዳይ አስመስዬ። ክኒኗን እስከወሰደች ድረስ ክፉ ወሬ አይገድላትም አለኝ፤ ደረጃው ነው የሚገድላት። ከእንግዲህ የምሸሸግበት የለኝም።

ከደረጃው በላይ ያሉት ሰዎች ነገ ከሰዓት ለመፈረም እኛ ቤት ይመጣሉ። ከእነሱ በፊት ጠዋት፣ ክኒኗን ከዋጠች በኋላ፣ ብቻችንን ስንሆን።

እነዚህ ገጾች የድንቢጥ ናቸው። በእጇ እሰጣታለሁ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው መልሳ ትሰጠኝና "በይ፣ አንብቢልኝ" ትለኛለች።

አነብላታለሁ።