የእንዳለውን ስም ሳትፈቱ በሩን እንዳትዘጉት

ይድረስ ለክቡር የጨዋታው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ስምዎንም አገርዎንም በወጉ ስለማላውቅ አጠራሬ ቢጎድል ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ መሥሪያ ቤትዎ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኛ ቡሬ ላይ አላህ ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆነውን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርብልዎታለሁ።

አስቀድሜ ራሴን ላስተዋውቅ። ሙንዲር እባላለሁ፤ ቡሬ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከሱቄ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለት አሮጌ የጌም ማሽኖች ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ እርስዎ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሠርተው የረሱትን የተኩስ ጨዋታ፣ ኢንተርኔት በፈቀደልን እሑድ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ከዓለም ሰው ጋር እንጫወት ነበር። እንጫወት ነበር ያልሁት እኔና እንዳለው ነን። እንዳለው ከቡሬ ወጣ ብሎ ከሚኖር የአዊ ገበሬ ቤተሰብ የተወለደ፣ እህል በረንዳ ሚዛን ላይ የሚሠራ፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተለየኝ ጓደኛዬ ነው። ባለፈው መጋቢት ታመመ፤ ፍኖተ ሰላም ወስደን ሁለት ሳምንት አስታመምነው፤ ሞተብኝ።

አንደኛ፦ ተጫዋቾችን የሚያገናኘውን ኮምፒውተር ሰኔ ሠላሳ ቀን እንደምታጠፉት በማስታወቂያ ስለነገራችሁን ከልብ እናመሰግናለን። አብረን ስላሳለፍነው ውብ ጊዜ ያመሰገናችሁንም አንብበናል። እኛ አገር ግን ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የተቀያየመውን ታርቆ ነውና፣ ከእንዳለው ጋር ያላችሁን ጉዳይ ሳትጨርሱ ወዴት እንደምትሄዱ ለመጠየቅ ተገድጃለሁ።

ሁለተኛ፦ በተቃራኒ ቡድን ዘወትር የምናገኛቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ በጆሮ ማዳመጫው ሲያስሉ እንሰማቸዋለን። አንድ እሑድ እንዳለው በተሰባበረ እንግሊዝኛው ጤናቸውን ቢጠይቃቸው፣ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው እንደሆኑ፣ ሚስታቸው እንደሞቱባቸው፣ ከሰው ጋር የሚነጋገሩትም በዚህ ጨዋታ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳለው አንድም ጥይት አልተኮሰባቸውም። አባባ ይላቸው ጀመር። በር ላይ ሲገጥሙት ጥግ ይዞ ያሳልፋቸዋል፤ ማሽኑ ላይ እጅ የሚነሣበት ቁልፍ ስለሌለ በርከክ ይልላቸዋል። እሳቸውም ነገሩ ስላልገባቸው ሦስት ጊዜ በርከክ እንዳለ ገደሉት። በአራተኛው ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉና እሳቸውም በርከክ አሉለት። ያን ዕለት ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

ንቁው መሥሪያ ቤትዎ ታዲያ ይህን ከባድ ወንጀል ደረሰበት። እንዳለው ከተቃራኒ ቡድን ጋር አብሯል ተብሎ ለዘለዓለም ታገደ፤ ስሙም ላይ ቀይ ምልክት ተደረገበት። ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫው እየተነሣ ያደገ ሰው ሕጋችሁን ገልጦ ባለማንበቡ ጥፋቱ የራሱ ነው። ለዘለዓለም የምትለዋን ቃል ግን እኛ ከጸሎት ቤት በቀር እምብዛም አንሰማትምና ደንግጠን ነበር። ለዘለዓለም የሚያግድ መሥሪያ ቤት ራሱ ሰኔ ሠላሳ የሚዘጋ መሆኑን ያኔ ብናውቅ ኖሮ ትንሽ በተጽናናን።

ሦስተኛ፦ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላልና አርባ አንድ ጊዜ አቤቱታ ጻፍሁላችሁ። አርባ አንድ ጊዜም ደቂቃ ሳይሞላ፣ ሐሳቤ ለእናንተ ትልቅ ዋጋ እንዳለው የሚገልጽ አንድ ዓይነት መልስ ደረሰኝ። እንዳለው ሞቷል ብዬ በጻፍሁበት ቀን መልሱ የሚያልቀው መልካም ጨዋታ በሚል ምኞት ነበር። ለቅሶ ስለደረሳችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ሞቱን ለአባባም ነገርኋቸው። እሳቸው ግን በሚቀጥለው እሑድ ከእንዳለው ጋር በርከክ የተባባሉባትን በር ፈልገው ሄዱና ጨዋታው እስኪያልቅ በርከክ ብለው ቆዩ፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ እየተኮሰ ይገድላቸዋል፣ እሳቸው ተነሥተው ወደዚያችው በር ይመለሳሉ። ይህን ስጽፍ እሳቸውንም እንዳታግዱብኝ እየፈራሁ ነው።

አራተኛውን ቅሬታ እዚህ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ወደ ግርጌ አውርጄዋለሁ።

ይህን ሁሉ የማስቸግርዎ ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ የእንዳለው እናት እማማ ሀብትነሽ ሱቄ መጡና ልጃቸው እሑድ እሑድ የሚቀመጥበትን ቦታ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ማሽኑን ከፍቼ ስሙ ይኸው አልኋቸው። ቀዩ ምንድን ነው አሉ። ጌጥ ነው ብዬ ማለፍ ስችል፣ ታግዶ ነው አልሁ። እማማ የሚያውቁት እገዳ አንድ ብቻ ነው፤ ግዝት። የተገዘተ ሰው የገዘተው ሳይፈታው ከሞተ ነፍሱ አታርፍም ሲባል ነው ያደጉት። ፍትሐቱ እንደ ሥርዓቱ እንደተደረሰለት፣ ይህ የጨዋታ ነገር እንደሆነ የንስሐ አባታቸው መምሬ ዘሚካኤል ደጋግመው ቢነግሯቸውም ልባቸው አልተመለሰም።

«ልጄ ታስሮ ነው የኸደ? ያሰረው ሰው አለ አይደል፤ እሱው ይፍታልኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ሁሉ እህላቸውን ሳይሸጡ መጀመሪያ የእኔ ሱቅ በር ላይ ይቆማሉ። ተፈታ ወይ ይሉኛል። ገና ነው እማማ እላለሁ። የሚመለከታቸው ሰዎች ሥራ በዝቶባቸው ነው ብዬም ስለ እናንተ አስተባብላለሁ፤ እሳቸውም ይብላኝላቸው፣ እንዲህ ደክመው ብለው ያዝኑላችኋል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጨዋታውን አታጥፉብን አልልም፤ ቤቱ የእናንተ ነው። የምለምነው ከመዝጋታችሁ በፊት ያን ቀይ ምልክት እንድታነሡልኝ ብቻ ነው። ለአንድ ቀን ይበቃል። እማማን በርጩማው ላይ አስቀምጬ አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ብታጠፉት፣ ብትቀብሩት፣ ምርቃታቸው አይለያችሁም። ሰኔ ሠላሳ ካለፈ ግን የሚፈታው ሰው ከነቁልፉ ጠፋ ብዬ ለአንዲት እናት መንገር ይጠብቀኛል፤ ይህንን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም።

የተጣበበ ጊዜዎን በመሻማቴ ደጋግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜ ከጤና እየተመኘሁልዎ፣ ከቡሬ ገበያ ጨርቅ ተራ፣ በርከክ ብዬ እጅ የምነሣዎ ታዛዥዎ

ሙንዲር

ግርጌ ማስታወሻ፦ አራተኛው ቅሬታ ይኸውልዎ። እንዳለውን የከሰስሁት እኔ ነኝ። ያን እሑድ አባባን በበሩ ስላሳለፋቸው ተሸነፍንና ተናደድሁ፤ እዚያው ጎኑ ተቀምጬ፣ ልቀጣው ብዬ፣ ከስሙ አጠገብ ያለውን የክስ ቁልፍ ተጫንሁ። ማን እንደከሰሰው ሳያውቅ ሞተ፤ የታገደ ዕለት እኔ ስከፋ አይቶ እሱ ነው ያጽናናኝ። የእናንተ ማሽን ክሴን በሁለት ደቂቃ አመነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አርባ አንድ ጊዜ ስጽፍ ግን አላመነኝም። እማማ ሀብትነሽ ፊደል አይለዩም። ይህን ደብዳቤ እስከ ፊርማዬ ድረስ አንብቤላቸው መርቀውኛል፤ ከፊርማው በታች ያለውን ገና አላነበብሁላቸውም።